ሞተሩ የሚይዘው ሒሳብ

አጎቴ በታክሲነት የሚያሠራት አሮጌ መኪና ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ አመል አወጣች። ጠዋት በግድ ትነሣለች፤ ከተነሣችም በኋላ የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ሞተሯ ተንቀጥቅጦ ይጠፋል። በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምስል ያለባት ቢጫ መብራት በራች። ታክሲ አንድ ቀን ሲቆም የሚቆመው የአንድ ቀን እንጀራ ነውና አጎቴ ሳይውል ሳያድር ወደ ጋራዥ ወሰዳት። እዚያ ካንዴላዎቹ ተቀየሩ፤ ኢንጀክተሮቹ ታጠቡ፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ የኦክስጅን ሴንሰሩ በአዲስ ተተካ። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ መካኒኩ የባትሪውን ገመድ ለጥቂት ደቂቃ ነቅሎ ይመልሰው ነበር። ቢጫዋ መብራት ትጠፋለች፤ አጎቴም ከፍሎ ይወጣል። አራት ወይም አምስት ቀን ሳይሞላ ግን መብራቷ ተመልሳ ትበራለች።

የወሩ ገቢ በዚህ ሁኔታ ካለቀ በኋላ መኪናዋ በዕድሜ የእኔ እኩያ ወደሆነ ሌላ መካኒክ ዘንድ ተወሰደች። እኔም አብሬ ነበርሁ። ወጣቱ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት የመመርመሪያ መሣሪያ ሰካ። ሞተሩን አስነሥቶ በሚኒሞ እንዲሠራ ተወውና አንድ ቁጥር አነበበ፤ 24። ከዚያም ነዳጅ መስጫውን ረግጦ ዙሩን ወደ 2500 አደረሰና ሌላ ቁጥር አነበበ፤ 5። «ጋሼ፣ ሴንሰሩን በከንቱ ነው ያስቀየሩዎት። ሞተሩ ሳይመዘገብ አየር እየሳበ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ኮፈኑን የከፈተው። ከአየር ማስገቢያው ቧንቧ ጀርባ የአውራ ጣት ርዝመት ያላት የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃ ተገኘች።

አጎቴን ያስገረመው የቱቦዋ ርካሽነት ነበር። እኔን ያስገረመኝ ግን ሁለቱ ቁጥሮች ናቸው። ለመሆኑ አንድ ሰው ኮፈን ሳይከፍት፣ 24 እና 5 የሚሉ ቁጥሮችን ብቻ አይቶ፣ ሕመሙ ሴንሰር ሳይሆን ስንጥቅ ቱቦ መሆኑን እንዴት ሊያውቅ ቻለ?

የቃጠሎ ሚዛን

ቤንዚን የልዩ ልዩ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ለስሌት እንዲቀለን ኦክቴን የተባለውን ብቻ እንውሰድ። አንድ የኦክቴን ሞሎኪውል 8 የካርቦንና 18 የሃይድሮጅን አቶሞች አሉት። ካርቦኑ ሁሉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅኑም ሁሉ ወደ ውኃ እንዲለወጥ ሁለት የኦክቴን ሞሎኪውሎች 25 የኦክስጅን ሞሎኪውሎችን ይፈልጋሉ። በመጠነ ቁስ ሲሰላ 114 ግራም ኦክቴን 400 ግራም ኦክስጅን ይሻል ማለት ነው። ከአየር መጠነ ቁስ ውስጥ ኦክስጅን 23 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ 400 ግራም ኦክስጅን ለማግኘት 1720 ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። ይህን ለ114 ስናካፍል 15 ገደማ እናገኛለን። እውነተኛው ቤንዚን ከኦክቴን ይልቅ በካርቦን የበለጸጉ ሌሎች ሃይድሮካርቦኖችም ስላሉት ውድሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ 14.7 ይሆናል። እንግዲህ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ሲቀርብ ድብልቁ ሚዛኑን የጠበቀ ነው ይባላል። መሐንዲሶች ይህን ነጥብ ላምዳ 1 ይሉታል፤ ላምዳ ከ1 ሲበልጥ አየር፣ ሲያንስ ደግሞ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው።

በካርቡሬተር ዘመን ይህን ውድር የሚወስኑት የቀዳዳዎች ስፋትና የመካኒኩ ጆሮ ነበሩ። የካርቡሬተር ድክመት ጎልቶ ከሚታይባቸው ከተሞች አንዷ ደግሞ አዲስ አበባ ናት። ካርቡሬተር የሚሳበው አየር በፈጠረው የግፊት ልዩነት ነዳጁን እየጎተተ ያፈሳል። የሚፈሰው አየር መጠነ ቁስ ከአየሩ እፍግታ ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ይቀንሳል፤ የነዳጁ እፍግታ ግን በከፍታ አይለወጥም። ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር ላይ የአየር እፍግታ በባሕር ወለል ካለው 79 በመቶ ያህል ነው፤ የ0.79 ስኩዌር ሩት 0.89 ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል ተስተካክሎ 14.7 ይሰጥ የነበረ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ሲደርስ 13.1 ገደማ ይሰጣል፤ ያለ አንዳች ብልሽት 12 በመቶ ያህል ትርፍ ነዳጅ ያቃጥላል። እዚህ የተስተካከለው ደግሞ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ በተቃራኒው አየር ይበዛበታል። ቀድሞ ወደ ቆላ የሚወርዱ የቤንዚን መኪናዎች ሞተራቸው ከመጠን በላይ የሚግልበት አንዱ ምክንያት ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ይህም ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

የዛሬው ሞተር ይህን አያደርግም። ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር በግራም ይመዝናል ወይም ከግፊቱና ከመጠነ ሙቀቱ ያሰላዋል፤ ውጤቱን ለ14.7 አካፍሎ ኢንጀክተሮቹን ለስንት ሺኛ ሰከንድ መክፈት እንዳለበት ይወስናል። ነገር ግን ስሌት ሁልጊዜ ከእውነታው ጋር አይገጥምም። መለኪያው አቧራ ይቀመጥበታል፤ የኢንጀክተር አፍ ይጠብባል፤ ፓምፕ ይደክማል፤ ነዳጁም ራሱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለያያል። ስለዚህ ስሌቱን በውጤቱ የሚፈትሽ አንድ ምስክር ያስፈልጋል።

ከጭስ ማውጫው የተቀመጠው ምስክር

ያ ምስክር የኦክስጅን ሴንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ቮልቮ ቦሽ የሠራውን ላምዳ ሴንሰር ለአሜሪካ ገበያ በሚያቀርባቸው መኪናዎች ላይ ሲያውል የመጀመሪያው ነበር። የሴንሰሩ ልብ ዚርኮኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ የሸክላ ዓይነት ቁስ ነው። ይህ ቁስ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል የኦክስጅን አዮኖችን በውስጡ ማሳለፍ ይጀምራል። አንዱ ገጽታው የውጭውን አየር፣ ሌላው ገጽታው የጭሱን ጋዝ ይነካል። በሁለቱ መካከል የኦክስጅን መጠን ልዩነት ሲኖር በገጽታዎቹ መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል።

የቮልቴጁን መጠን የሚሰጠን ጀርመናዊው ኬሚስት ዋልተር ኔርንስት እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣው ቀመር ነው። የኬሚስትሪ ተማሪዎች የሚያውቁት ይህ ቀመር በባትሪ ምዕራፍ ውስጥ ታስሮ የሚቀር ይመስላቸው ይሆናል፤ በየመንገዱ በሚያልፉ መኪናዎች ጭስ ማውጫ ውስጥ ግን ያለማቋረጥ ይሠራል። ሴንሰሩ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው እንበል። በዚህ መጠነ ሙቀት ቮልቴጁ 0.0188 ሲባዛ በሁለቱ ወገን የኦክስጅን ግፊቶች ውድር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ይሆናል። አየር በበዛበት ቃጠሎ ጭሱ ውስጥ 2 በመቶ ኦክስጅን ቢቀር፣ የ21 ለ2 ውድር ሎጋሪዝም 2.35 ስለሆነ ቮልቴጁ 0.04 ቮልት ነው። ነዳጅ በበዛበት ቃጠሎ ግን በሴንሰሩ ገጽታ ላይ የሚቀረው ነፃ ኦክስጅን ከምንም የማይቆጠር ነው፤ የከባቢ አየር ግፊት መቶ ቢሊዮን ቢሊዮንኛ ቢሆን እንኳ ቮልቴጁ ወደ 0.84 ይዘላል። ከላምዳ 1 ግራና ቀኝ ያለችው ጠባብ ልዩነት የኦክስጅኑን መጠን በብዙ ቢሊዮን እጥፍ ስለምትለውጥ ሴንሰሩ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ነው የሚሠራው። 0.9 ቮልት አካባቢ ሲያሳይ ነዳጅ በዝቷል፤ 0.1 አካባቢ ሲያሳይ አየር በዝቷል። ምን ያህል እንደበዛ ግን አይናገርም።

ይህን ያህል ትክክለኛነት የተፈለገው ለነዳጅ ቁጠባ ብቻ አይደለም። ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ያሉበት ካታሊስት ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ነዳጅን ኦክስጅን እየሰጠ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድን ደግሞ ኦክስጅን እየነጠቀ ያጸዳቸዋል። መስጠትና መንጠቅ በአንድ ጊዜ የሚቻለው በላምዳ 1 ዙሪያ ባለች ጠባብ መስኮት ውስጥ ብቻ ነው። የሊድ ቤንዚን ሴንሰሩንም ካታሊስቱንም ይመርዛቸው ስለነበር ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ ሊዱ ከቤንዚን እስኪወጣ ድረስ ሁለቱም በእኛ መንገዶች ላይ ዕድሜ አልነበራቸውም። ካታሊስቱን አውልቆ ባዶ ቧንቧ የመበየድ ልማድ ግን ከዚያም በኋላ ቀርቷል ማለት አይቻልም። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ ካታሊስቱ የሚዘጋው ወይም የሚቀልጠው ሌላ ብልሽት ለወራት ሳይታረም ስለቀረ ነው።

አጭሩና ረጅሙ

ኮምፒውተሩ ከምስክሩ «አየር በዝቷል» የሚል ቃል ሲሰማ የኢንጀክተሩን የመክፈቻ ጊዜ ጥቂት ይጨምራል፤ አሁንም «አየር በዝቷል» ካለ ይጨምራል፤ «ነዳጅ በዝቷል» ሲል ደግሞ መቀነስ ይጀምራል። ጋዙ ከሲሊንደሩ ወጥቶ ሴንሰሩ ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ እርማቱ ሁልጊዜ ጥቂት አልፎ ይሄድና ይመለሳል። ጤነኛ ሞተር ድብልቁ ጸጥ ብሎ አይቆምም፤ በላምዳ 1 ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ይህ ፈጣን እርማት አጭር ጊዜ ትሪም ይባላል፤ በመቶኛ የሚነገር ሲሆን መደመር ነዳጅ ተጨመረ፣ መቀነስ ደግሞ ነዳጅ ተቀነሰ ማለት ነው።

አጭሩ እርማት በአንድ ወገን ብቻ ሲከማች ኮምፒውተሩ ነገሩ ለቅጽበት እንዳልሆነ ይረዳል። ስለዚህ ቀስ እያለ ከአጭሩ ወደ ረጅም ጊዜ ትሪም ያዛውረዋል። አጭሩ የዕለት ወጪ መመዝገቢያ ቢሆን ረጅሙ ዋናው የሒሳብ መዝገብ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ አጭሩ ይረሳል፤ ረጅሙ ግን በኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ይቀመጣል፤ በብዙ መኪናዎች የባትሪው ገመድ ሲነቀል ይሰረዛል። የአጎቴ መብራት ጠፍታ ከአራት ቀን በኋላ የምትመለሰው ለዚህ ነበር። መካኒኩ ገመዱን ሲነቅል ያጠፋው ብልሽቱን ሳይሆን መዝገቡን ነው። እንዲያውም ሞተሩ ተቻችሎ ለመኖር የተማረውን አስረስቶ ስለላከው በማግሥቱ ጠዋት፣ ሴንሰሩ ሳይሞቅና እርማት ሳይጀመር፣ መኪናዋ ከበፊቱ ይልቅ ትጠፋ ነበር።

አሜሪካ ከ1996 ሥሪት ጀምሮ፣ አውሮፓ ደግሞ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች ከ2001 ጀምሮ አንድ ዓይነት የመመርመሪያ መሰኪያና ቋንቋ አስገዳጅ ስላደረጉ እነዚህ ቁጥሮች ለማንም ክፍት ናቸው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ትሪም ከ0 እስከ 255 በሆነ ቁጥር ይልካል፤ 128 ማለት ምንም እርማት የለም ማለት ነው። ከተላከው ላይ 128 ቀንሶ፣ በ100 አባዝቶ፣ ለ128 ማካፈል መቶኛውን ይሰጣል። ለምሳሌ 154 ቢላክ 20 በመቶ ጭማሪ ይሆናል። በተግባር የሁለቱ ድምር ከዜሮ በ5 ግራና ቀኝ ቢሆን መልካም ነው፤ እስከ 10 ድረስ ይታለፋል፤ ከ20 አልፎ ሲሰነብት መብራቷ ትበራና አየር ከበዛ ፒ0171፣ ነዳጅ ከበዛ ፒ0172 የሚል ምልክት ይመዘገባል። በእርግጥ ወሰኑ እንደ አምራቹ ይለያያል።

አሁን ወደ 24 እና ወደ 5 እንመለስ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በመለኪያው በኩል በሰከንድ 2.5 ግራም አየር ይገባል እንበል። ከመለኪያው በኋላ ባለችው ስንጥቅ በኩል ደግሞ 0.6 ግራም ይሾልካል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው 2.5ቱን ብቻ ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግን 3.1 ነው። ጭሱ አየር እንደበዛበት ስለሚመሰክር ነዳጁ 24 በመቶ እስኪጨመር ድረስ እርማቱ ይቀጥላል። ዙሩ ወደ 2500 ሲወጣ በመለኪያው የሚያልፈው 12 ግራም ይደርሳል፤ የስንጥቋ ስፋት ግን ያው ነውና የምታሾልከው 0.6 ግራም አካባቢ ሆኖ ይቆያል። 0.6 ለ12 ሲካፈል 5 በመቶ ነው። በሚኒሞ ከፍ ብሎ በዙር የሚወርድ ትሪም እንግዲህ የሾላኪ አየር ፊርማ ነው። የነዳጅ ፓምፕ ቢደክም ወይም ማጣሪያ ቢደፈን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ በሚኒሞ ጥቂት ነዳጅ ስለሚበቃ ጉድለቱ አይታይም፤ ዳገት ላይ ግን ትሪሙ ያሻቅባል። በሁለቱም ቦታ እኩል ከፍ ቢል ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ነዳጁ ግፊት፣ ወደ አየር መለኪያው ወይም ወደ ነዳጁ ዓይነት ይሄዳል።

የነዳጁ ዓይነት ሲባል አንድ የአገር ቤት ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ በቤንዚን ላይ 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል መደባለቅ ተጀምሮ ነበር። ኢታኖል በሞሎኪውሉ ውስጥ ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ 1 ግራሙ የሚፈልገው 9 ግራም አየር ብቻ ነው። 10 በመቶ ሲደባለቅ የድብልቁ ውድር ከ14.7 ወደ 14.1 ገደማ ይወርዳል። ነጂው ምንም ሳያውቅ የመኪናው ረጅም ትሪም ከ3 እስከ 4 በመቶ ከፍ ይላል ማለት ነው። መካኒኩ ይህን ካላወቀ ያልታመመ ሞተር ሊያክም ይነሣል።

ምስክሩ ሲሳሳት

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ አንድ ማስጠንቀቂያ ማንሣት ግድ ነው። ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅንን እንጂ ነዳጅን አይደለም። አንድ ካንዴላ ሞቶ ከሲሊንደሮቹ አንዱ ሳይቃጠል ቢወጣ፣ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ያልተቃጠለ ነዳጅም ያልተቃጠለ ኦክስጅንም ይዟል። ሴንሰሩ ኦክስጅኑን አይቶ «አየር በዝቷል» ይላል፤ ኮምፒውተሩም በነዳጅ በሰከረው ሞተር ላይ ነዳጅ ይጨምራል። ትርፉ ነዳጅ ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል፤ ያቀልጠዋል። ከሴንሰሩ በፊት ያለ የጭስ ማውጫ ስንጥቅም እንዲሁ ያታልላል፤ በግፊቱ መዋዠቅ የተነሣ የውጭ አየር እየሳበ በሐሰት ያስመሰክራል። ትሪም ሕመሙን አይነግረንም፤ ሞተሩ ሕመሙን ለመቻል ምን እያደረገ እንደሆነ ነው የሚነግረን።

በቱኒንግ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የሞተርን ኮምፒውተር እንደገና የሚያስተካክል ባለሙያ በዙርና በጭነት የተከፋፈለ የሠንጠረዥ ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል በዚያ ሁኔታ ሲሊንደሩ ምን ያህል አየር እንደሚወስድ ይገምታል። አየር ማስገቢያው ወይም ማርሚታው ሲቀየር ግምቱ ይሳሳታልና መኪናውን ነድቶ በየክፍሉ የታየውን ትሪም ይመዘግባል። አንድ ክፍል ላይ ረጅሙ 6፣ የአጭሩ አማካይ 2 ከሆነ የክፍሉን ቁጥር በ1.06 እና በ1.02 ያባዛል፤ 8 በመቶ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ከዚያ መዝገቡን አጥፍቶ እንደገና ይነዳል። ሥራው የሚያምረው ትሪሞቹ ወደ ዜሮ ሲጠጉ ነው። ይህ የሚሠራው ግን መኪናው ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው። ስንጥቅ ቱቦ ባለበት ሞተር ላይ ሠንጠረዡን ማረም ብልሽቱን በሕግ ማጽደቅ ነው፤ ቱቦው የተጠገነ ዕለት ሠንጠረዡ ሐሰት ይሆናል።

ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ሲረገጥ ደግሞ ጨዋታው ይለወጣል። ኮምፒውተሩ የሴንሰሩን ምስክርነት ትቶ ድብልቁን ሆን ብሎ ወደ ላምዳ 0.85 ወይም 0.9 ያወርዳል፤ ትርፉ ነዳጅ ሲተን ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል። ተራው ሴንሰር «በዝቷል» ከማለት በቀር 0.85 ይሁን 0.95 መለየት ስለማይችል በዚህ ቦታ በትሪም መተማመን አይቻልም፤ ላምዳን በቁጥር የሚለካ ሰፊ ክልል ያለው ሴንሰር ያስፈልጋል። በሙሉ ጭነት አየር የበዛበት ሞተር ያንኳኳል፤ ከዚያም ፒስተኑ ይበሳል። ሞተሩ የሚሞተው ከትሪሞቹ ዕይታ ውጭ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢሎችን ወደ አገራችን ማስገባት ስለተከለከለ አሁን ያሉት ለብዙ ዓመታት እየተጠገኑ የሚነዱ ይመስለኛል። የመመርመሪያ መሣሪያው በየጋራዡ እየገባ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ግን ምልክቱን አንብቦ ለማጥፋት ብቻ ነው፤ ፒ0171 ሲታይም ኦክስጅን ሴንሰር ይቀየራል፤ ምስክሩ እውነት ስለተናገረ ይባረራል።

የአጎቴ መኪና አዲሷ ቱቦ ከገባች በኋላ ወጣቱ መካኒክ የባትሪውን ገመድ አልነካም። «ራሱ ይማረው» አለ። ሞተሩን አስነሥተን ስናይ ረጅሙ ትሪም አሁንም 20 ላይ ነበር፤ አጭሩ ግን ወዲያው ወደ 15 መቀነስ ወረደ። አሮጌው መዝገብ ጨምር ይላል፤ የዕለቱ ሒሳብ ደግሞ ቀንስ ይላል። 1.20 በ0.85 ሲባዛ 1.02 ነው፤ የሞተሩም ድምፅ ተስተካክሎ ነበር። አጎቴ እንደ ልማዱ ሥራውን ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን መሣሪያዋን ተውሼ ስሰካ ረጅሙ ወደ 9 ወርዶ አገኘሁት፤ በሳምንቱ 2 ላይ ነበር። አጎቴ ቁጥሩን ሳሳየው ፈገግ ብሎ የተቀየረው አሮጌ ኦክስጅን ሴንሰር የት እንዳለ ጠየቀኝ። ከመቀመጫው ሥር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር። መልሰን ገጥመን ሞከርነው፤ ምንም አልነበረበትም።